ሠላሳ አንድ ጊዜ ያነሰው ዝናብ

የአየር ንብረት መረጃን ከፖርታሎች ላይ እያወረድኩ በራሴ ማንበብ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። ገና ለምትጀምሩ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን፣ በተለይም የተሳሳትኩበትን ልጻፍላችሁ።

መግቢያዬ የዓለም ባንክ የአየር ንብረት ለውጥ የዕውቀት ፖርታል ነበር። አገርና ክልል መርጦ ግራፉን ማየት ይቻላል፤ ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም። ከዚያ ኮፐርኒከስ ወደተባለው የአውሮፓ ኅብረት የአየር ንብረት መረጃ ቋት ተሻገርኩ። እዚያ መመዝገብና የአጠቃቀም ፈቃዱን መቀበል ግድ ነው። ጥያቄው ወረፋ ስለሚይዝ አሁን የምፈልገውን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ከልዬ ብቻ ነው የምጠይቀው።

ያወረድኩት ኢአርኤ5 የተባለውን ነው። ከ1940 ጀምሮ ያለውን የአየር ሁኔታ በየሰዓቱ፣ ጎናቸው 0.25 ዲግሪ በሆነ ካሬዎች ከፋፍሎ ያቀርባል። ልኬቶችንና የሳተላይት መረጃን ከትንበያ ሞዴል ጋር አዋሕዶ የተሠራ ስለሆነ፣ የአንድ ካሬ ዝናብ ከአንድ መለኪያ ጣቢያ ንባብ ጋር እኩል ይሆናል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ሙቀቱ በኬልቪን ስለተመዘገበ ወደ ሴልሺየስ ለመቀየር 273.15 መቀነስ ብቻ በቂ ነው። ያስቸገረኝ ዝናቡ ነው። ከወርሃዊው ፋይል ለጁላይ 0.006 አገኘሁ፤ አሃዱ ሜትር መሆኑን ስለማውቅ በ1000 አባዝቼ 6 ሚሊ ሜትር አልኩ። ዝናብ በሚበረታበት ወር 6 ሚሊ ሜትር! ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ደግሜ አወረድኩ፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። መግለጫውን ቁጭ ብዬ ሳነበው ነገሩ ተገለጠልኝ፦ የወርሃዊው ፋይል ቁጥር የወሩ ድምር ሳይሆን የአንድ ቀን አማካይ ነው። በ31 ሳባዛው 186 ሚሊ ሜትር ሆነ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ወደ መጪው ዘመን ግምት ስሻገር ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ገጠመኝ። ለአንድ ቦታ፣ በአንድ የልቀት መላምት (ወደፊት ምን ያህል የሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቀቃል በሚለው ግምት)፣ ሁለት ገጾች የተለያየ የሙቀት ጭማሪ ነገሩኝ። አንዱ የሚያነጻጽረው ከ1995–2014 ጋር፣ ሌላው ከ1850–1900 ጋር ነበር። በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ዓለም በአማካይ 0.85 ዲግሪ ገደማ ሞቃለች፤ ስለዚህ መነሻ ዘመኑ ካልታወቀ "2 ዲግሪ ይጨምራል" የሚለው ዓረፍተ ነገር ለእኔ ትርጉም የለውም። የአይፒሲሲ (የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የመንግሥታት ፓነል) መስተጋብራዊ አትላስ መነሻ ዘመኑን እንደፈለጉ ለመቀየር ስለሚፈቅድ በጣም ወድጄዋለሁ። ግምቱን የሚያወጡት የአየር ንብረት ሞዴሎች ጭማሪ ነው ወይስ ቅናሽ በሚለው የማይስማሙበትን አካባቢም በሰያፍ መስመር ያሰምርበታል። የዝናቡን ካርታ ስከፍት ያ መስመር ምን ያህል ቦታ እንደሚሸፍን አይቼ፣ የአንድ ሞዴልን ግራፍ ብቻውን አንጠልጥዬ ለሰው ማሳየት ትቻለሁ።

አሁን ኢአርኤ5ን ቺርፕስ ከተባለ ሌላ የዝናብ መረጃ ጋር እያስተያየሁ ነው። ቺርፕስ ከ1981 ወዲህ ያለውን ዝናብ በ0.05 ዲግሪ ስለሚያቀርብ፣ በአንዱ የኢአርኤ5 ካሬ ውስጥ 25 የእርሱ ካሬዎች ይገባሉ። የጁንን ጨርሼ ጁላይን ጀምሬያለሁ።