ምን አሉሽ?

ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የሐዋላ ክፍያ መስኮት ላይ ተመድቤ እሠራ ነበር። ዕለቱ ሰኞ ሲሆን ሲስተሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እየተቆራረጠ አላሠራን ስላለ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ሲስተሙ ተመልሶ ሁለት ሦስት ሰው እንዳስተናገድኩ፣ በዕድሜ አባቴን የሚሆኑ ሰው መታወቂያቸውንና የሚስጥር ቁጥሩ የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት በመስታወቱ ሥር አሾለኩልኝ። ገንዘቡ የተላከው ከሳዑዲ ዓረቢያ ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ስሙ ግን አልገጠመም። የእርሳቸው ስም በ«ፀ» የሚጀምር በመሆኑ በመታወቂያቸው ላይ በላቲን ፊደል በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ተጽፏል፤ ላኪው ደግሞ «ኤስ» ብቻ አድርጎ ልኮታል። ሐዋላ የከፈለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፀ፣ ጨ እና ቀ ያለባቸው ስሞች ስንቱን ሰው ያለ ጥፋቱ አመላልሰዋል።

«አባቴ፣ ስሙ ስለማይገጥም መክፈል አልችልም፤ ላኪው ያስተካክልና ይመለሱ» አልኳቸው።

ሰውየው ገነፈሉ። የቀለበት ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ እያንኳኩ መናገር ጀመሩ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል ወረፋው በሙሉ ዞሮ እኔን ያየኝ ጀመር። ቆሽቴ አረረ። ሆኖም ስንቀጠር በተሰጠን ሥልጠና ደንበኛ ሲቆጣ ፊት እንዳይጠቁር፣ ድምፅም እንዳይለወጥ ተደጋግሞ ተነግሮናልና፣ በግራ እጄ ከጠረጴዛው ሥር ማኅተሙን ጨብጬ በፊቴ ፈገግ እንዳልኩ ቀረሁ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ለስላሳ ድምፅ ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው፤ በደገምኩ ቁጥር የባሰ ተቆጡ፤ በመጨረሻም መታወቂያቸውን ነጥቀው ወጡ።

ሥራ አስኪያጃችን ጩኸቱን ሰምተው ከቢሯቸው ሲወጡ በቅድሚያ የጠየቁኝ «ምን አሉሽ?» ብለው ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ የምለው ግን አልነበረኝም። የቀለበታቸው ፈርጥ ቀይ እንደነበረ፣ የኮታቸው ሁለተኛ ቁልፍ ተበጥሶ በቦታው ክር ብቻ እንደቀረ አስታውሳለሁ፤ ካሉት ሁሉ ግን በጆሮዬ የቀረው «ሥራሽን ካላወቅሽ ለምን ተቀመጥሽ?» የሚለው ብቻ ነበር። በቀጣዩ መስኮት ያለችው ባልደረባዬ ጣልቃ ገብታ፣ «ቅዳሜ መጥተው ነበር፤ ላኪው አስተካክሏል፣ ሰኞ ይምጡ ተብዬ ነው የመጣሁት እያሉ ሦስት ጊዜ ነገሩሽ እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስክሪኑን ወደ ታች ሳወርደው የስም እርማቱ እዚያው ተመዝግቦ አገኘሁት። ስልክ ተደውሎላቸው በማግሥቱ መጡ፤ ከሌላ መስኮትም ተከፈላቸው።

የሚገርመው፣ ያንን ቀን ሙሉ ራሴን በትዕግሥተኛነቴ ሳመሰግን ነበር። በእኛ ዘንድ ንዴቱን ዋጥ አድርጎ የያዘ ሰው «ቻይ» ይባላል፣ ይመሰገናል፤ የዋጠው ነገር ምን እንዳስከፈለው ግን የሚጠይቅ የለም። በኋላ ስለ ስሜት ሥነ ልቦና ማንበብ ስጀምር የእኔን መስኮት የሚመስል ነገር ገጠመኝ። ጄን ሪቻርድስና ጄምስ ግሮስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የተጎዱ ሰዎችን ሥዕል እያዩ ስለ እነርሱ የሚነገረውን እንዲያዳምጡ ተደረገ፤ ስሜታቸው በፊታቸው ላይ እንዳይነበብ እንዲጠነቀቁ የታዘዙት ሰዎች የተነገረውን ያስታወሱት ከሌሎቹ ባነሰ መጠን ነበር። ፊትን መጠበቅ ሥራ ነውና፤ «ታወቀብኝ ይሆን? ቅንድቤ ተነሣ ይሆን?» እያለ ራሱን የሚሰልል አእምሮ ለሚያዳምጠው ነገር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይልቁንም የደነቀኝ ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያገኙት ነው፦ የማይተዋወቁ ሴቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚረብሽ ፊልም ሲወያዩ፣ አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ በተነገራት ጊዜ ምንም ያልተነገራት ተነጋጋሪዋ የደም ግፊት ከፍ አለ። ሰውየው በደገምኩ ቁጥር ለምን የባሰ እንደተቆጡ ያኔ ገባኝ፤ ፈገግታዬ ለእርሳቸው የተዘጋ በር ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ጊዜ የወሰደብኝ ግን የዋጥኩት ስሜት ስሙ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው። ለወራት «ተናድጄ ነበር» እያልኩ ሳወራ ኖሬ፣ አንድ ቀን ታሪኩን ለእህቴ ስነግራት፣ «ሰው ሁሉ እያየሽ ስለሆነ አፍረሽ ነው እንጂ ለመናደድ ምን አደረጉሽ?» ብላ አስደነገጠችኝ። እንዳለችው ነው። ቋንቋችን ለዚህ ስስታም አይደለም፤ መናደድ፣ መከፋት፣ መቀየም፣ ቅር መሰኘትና ሆድ መባስ በየፊናቸው የሚቆሙ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ግን ሁሉንም «ተናደድኩ» ብለን እንጠቀልላቸዋለን። የማቲው ሊበርማን ቡድን በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2007 በአንጎል ምስል እንዳሳየው፣ ሰዎች ባዩት ፊት ላይ ያለውን ስሜት በቃል ሲሰይሙ፣ ለአደጋ ቶሎ የሚነቃው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ላቦራቶሪና የባንክ መስኮት አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ይሁንና ከዚያ ወዲህ ፊቴ ሲግል በሆዴ «ይኼ እፍረት ነው» ስል፣ ጆሮዬ ቶሎ ወደ ሰውየው ይመለሳል።

ሌላው የለወጥኩት ነገር ተራ ነው። ደንበኛ ድምፁን ሲያነሣ እስክሪብቶ አነሣና የሚለውን ራሱ በተናገረው ቃል በቫውቸሩ ጀርባ ጻፍ አደርጋለሁ፤ ከዚያም «ቅዳሜ መጥተው ሰኞ ይመለሱ ተብለዋል፤ ልክ ነኝ?» ብዬ አነብለታለሁ። ፈገግ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ የተቸገረ ሰው ፊት ስመለከት የተቸገረ ፊት ቢታይብኝ አይከፋኝም። እርግጥ ሁሉም በዚህ አይበርድም። የደመወዝ ሰሞን ሰክሮ የሚሳደብ ሰው ሲመጣ ችግሩን በእርሱ ዓይን ልየው ብሎ መጨነቅ ለእኔ ራስን ማዋረድ ነው፤ ያኔ መስኮቱን ዘግቼ ኃላፊውን እጠራለሁ፣ ኋላ ክፍል ገብቼም ውኃ እጠጣለሁ። አንዳንድ የሥራ ኃላፊዎች ይህን እንደ ድክመት ይቆጥሩታል፤ እነርሱ መስኮት ላይ ከተቀመጡ ግን ብዙ ዘመን አልፏል።

ሰውየው ከዚያ ወዲህ እኔ እያለሁ ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ሁለቱንም ጊዜ የእኔ መስኮት ባዶ ሆኖ ሳለ ከባልደረባዬ ወረፋ ላይ ቆሙ።