ችግኝ የመጨረሻው ግዢ ነው፦ የ200 ካሬ ግቢ አቀማመጥ ለጀማሪ

ሰኔ ሲገባ በየመንገዱ ዳር የሚደረደረው ችግኝ ዓይን ይስባል። አዲስ ቤት የገባ ሰው አሥራ አምስት ሃያ ችግኝ ጭኖ ይመጣና፣ ግቢው መሀል ካራገፈ በኋላ ነው የት እንደሚተክለው ማሰብ የሚጀምረው። ጽዱ አጥር ጥግ ይገባል፣ አቮካዶው ደጃፍ ላይ፣ ጽጌረዳው በተረፈው ቦታ። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ጽዱ የመብራት ሽቦ ይነካል፣ አቮካዶው ውሃ ላይ ቆሞ ይደርቃል፣ ጽጌረዳው ጥላ ውስጥ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ግቢ የሚታቀደው ከውሃ ተነስቶ ነው፤ የክረምቱ ውሃ በየት ይወጣል? የበጋው ውሃ ከየት ይመጣል? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ የመሄጃው፣ የአፈሩና የተክሉ ነገር በራሱ መልክ ይይዛል። እዚህ የምጽፈው አዲስ አበባ ውስጥ ለተለመደው 10 በ20 ሜትር ቦታ ነው። ሌላ ደጋ ከተማ ላይም አብዛኛው ይሠራል፤ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ግን የተክሉን ምርጫና የውሃውን ስሌት መቀየር አለበት።

መጀመሪያ ልኬት። አንድ ኤ3 ወረቀት፣ ማስመሪያና 30 ሜትር የሚዘረጋ ሜትር ይበቃል። መሬት ላይ ያለውን 1 ሜትር ወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፤ ቦታው 20 በ40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ልክክ ብሎ ይገባል። ካርታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ አጥር ሲሠራ ይዛነፋል። አራቱን ጎን ከለካችሁ በኋላ ሁለቱን አግድም ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ለኩ። ቦታው በትክክል አራት ማዕዘን ከሆነ ሁለቱም 22.36 ሜትር ይመጣሉ። አንዱ ከሌላው 30 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ግቢው ተንጋዷል ማለት ነው፤ ከአጥሩ ጋር ትይዩ ነው ብላችሁ የምታነጥፉት መንገድም ጫፉ ላይ ሲደርስ ያጋልጣችኋል።

ወረቀቱ ላይ ቤቱን፣ በሮቹን፣ መስኮቶቹን፣ የውሃ ቆጣሪውን፣ የቧንቧውን መስመር፣ ማንሆሎቹን፣ ከአሸንዳው የሚወርዱትን ቱቦዎችና ሮቶውን አስገቡ። የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን ደግሞ በቀይ። ብዙ ሰው ክዳኑ ያስጠላዋልና አፈር አልብሶ ሳር ይተክልበታል፤ ታንኩ ሲሞላና ቦቴ ሲጠራ ግን ግማሽ ግቢ ይቆፈራል። ክዳኑ ክፍት ይሁን፣ የቦቴው ጎማ ከበሩ ተነስቶ የሚደርስበት መስመርም አይዘጋ። መሸፈን ግድ ከሆነ የሚነሳ የአበባ ማሰሮ ይቀመጥበት።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይዋ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ 6 ሜትር ከፍታ ያለው ፎቅ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን 4 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ከቤቱ በስተ ሰሜን ያለው ጠባብ ቦታ በጋውን ሙሉ ፀሐይ አያይም። እዚያ ሳርም ጽጌረዳም አይሆንም፤ ፈርንና ናና ይበቁታል።

አሁን ወደ ክረምቱ ውሃ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ በሐምሌ አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ባዶ ቢሆን እንኳ ሞልቶ ይተርፈዋል። የሚተርፈው በየት ይሄዳል? ብዙ ግቢ ውስጥ የሮቶው መትረፊያ ቱቦ በቀጥታ የቤቱ ግድግዳ ሥር ያፈሳል። ቱቦው ተቀጥሎ ወደ ውጭው ቦይ የሚወስድ መስመር ይፈልጋል፤ ወደ ጎረቤት አይለቀቅም፣ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋርም አይገናኝም።

የመሬቱን ዝቅታ በዓይን መገመት አይቻልም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ግልጽ የፕላስቲክ ጎማ ይበቃል፦ 10 ሜትር ጎማ ውሃ ሙሉበት፣ አንዱን ጫፍ የቤቱ ወለል ልክ ላይ፣ ሌላውን አጥሩ ጋ ያዙት፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ከዚያ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ከውሃው እስከ መሬቱ ያለውን ለኩ፤ የሁለቱ ልዩነት የመሬቱ ዝቅታ ነው። ጎማው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ልኬቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እኩል መቆማቸውን እዩ። ከግድግዳው ጀምሮ ባለው 2 ሜትር ውስጥ አፈሩ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የተነጠፈ ከሆነ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

አፈሩን ለማወቅ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉት፣ ይስረግ፣ ደግማችሁ ሙሉትና በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ለኩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ደህና ነው፤ ከአንድ በታች ከሆነ ከባድ ጥቁር አፈር ነው ያላችሁ። ይህ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የግቢ መንገድ የሚሰምጠውና የደረጃ ጠርዝ የሚላቀቀው በዚሁ ነው። ቤቱ አጠገብ ያለውን 1 ሜትር አትትከሉበት፣ ውሃም አታጠጡበት፤ መሠረቱ ጋ አንዴ እርጥብ አንዴ ደረቅ ማድረግ ግድግዳ ይሰነጥቃል። እንደ መሄጃ ማንጠፍ ይሻላል።

የሰውን አጠቃቀም በተመለከተ ከውጭ አገር ፎቶ የተቀዳ ዲዛይን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ግቢ ድንኳን ይተከልበታል፤ ክርስትናም ለቅሶም አለ። በርበሬ ይሰጣል፣ ልብስ ይሰጣል፣ ለበዓል በግ ይታረዳል። ግቢው መሀል ላይ ፏፏቴ ያስገነባ ሰው ድንኳን ሲመጣ ያየዋል። አንድ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ከበሩ አቅጣጫ ይቀመጥ። ለበርበሬና ለልብስ በደቡብ በኩል ፀሐይ የሚያገኝ፣ የተነጠፈ 2 በ3 ሜትር ይመደብ። የማረጃው ቦታ ደግሞ ቧንቧና ማንሆል የሚቀርበው ይሁን። ስስ ወረቀት ፕላኑ ላይ እያነጠፋችሁ የእነዚህን ቦታ በክብ በክብ እየሣላችሁ ሞክሩ፤ ሦስት አራት ዓይነት አቀማመጥ ሳትሠሩ የመጀመሪያውን አትውደዱ።

መንገዱ ለአንድ ሰው 90 ሴንቲ ሜትር፣ ለሁለት ሰው 1.20 ሜትር ይስፋ። ጥቁር አፈር ላይ ኮብልስቶን ለማንጠፍ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆፈራል፦ 30 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ፣ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ድንጋዩ ራሱ። ለ10 ሜትር መንገድ ገረጋንቲው 10 በ1.20 በ0.30፣ ማለትም 3.6 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 4.5 እዘዙ። ሠራተኛ 30 ሴንቲ ሜትሩን በአንዴ ደፍቶ ከላይ ብቻ መጠቅጠቅ ይወዳል፤ ሥሩ ልል ይሆንና በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። በ15 በ15 ሁለት ጊዜ ይጠቅጠቅ። ጠርዙ በከርብ ድንጋይ ካልተያዘ ኮብሉ ወደ ጎን ይበተናል።

አንድ ሌላ የተለመደ ጥፋት፦ የብሎኬት አጥር ላይ አፈር አስደግፎ ከፍ ያለ መደብ መሥራት። ያ አጥር የቆመው አፈር ሊገፋው ተብሎ አይደለም፤ ክረምት ሲመጣ እርጥቡ አፈር ይገፋውና ይዘማል። መደቡ የራሱ ግድግዳ ይኑረው፣ ከአጥሩም 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከአንድ ጎን ብቻ የምትደርሱበት መደብ ከ60 ሴንቲ ሜትር፣ ከሁለት ጎን የምትደርሱበት ከ1.20 ሜትር አይስፋ።

ሳር። በበጋ አንድ ካሬ ሳር በቀን 4 ሊትር ገደማ ይጠጣል። 60 ካሬ ከሆነ 240 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 12 ጀሪካን በየቀኑ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከቤተሰቡ ጋር መሻማት ነው። 25 ካሬ ሳር በ5 ጀሪካን ይያዛል፤ የቀረው ይነጠፍ ወይም ጠጠር ይልበስ። ኪኩዩ ሳር ወፍራምና ለልጆች መጫወቻ ምቹ ነው፣ ግን አበባ መደብ ውስጥ እየሾለከ ይገባል፤ 15 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ የገባ ጠርዝ ካልያዘው አይመለስም። ሰርዶ ጥም ይችላል፣ በጥር ግን ይገረጣል።

ዛፍ ስትመርጡ የችግኙን ቁመት እርሱት። ጽድና ዝግባ ከ30 ሜትር ሊያልፉ የሚችሉ የጫካ ዛፎች ናቸው፤ 200 ካሬ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ባሕር ዛፍና ትልልቆቹ ፊከሶች (የዋርካና የሾላ ወገን) ሥራቸው ውሃ ፍለጋ ቧንቧና ሴፕቲክ ውስጥ ይገባል። ቦትል ብራሽና ኮክ ለእንዲህ ያለ ግቢ ልክ ናቸው፤ ከቤቱ 4 ሜትር ይራቁ። አቮካዶ ከፈለጋችሁ የተዳቀለውን (ሌላ ሥር ላይ የተቀጠለውን) ግዙ፤ በሦስት አራት ዓመት ያፈራል። ግን ሥሩ ውሃ ከቆመበት ይበሰብሳል፤ ጥቁር አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ኮምፖስት መሙላት ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ እንደመሥራት ነው። ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ጉብታ አዘጋጁና እላዩ ላይ ትከሉት። ቡገንቪላ ሲጠግብ ቅጠል ያበዛል፣ ሲጠማ ያብባል፤ እሾሁ እንዳይዘነጋ፣ መግቢያ በር ላይ አይሁን። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጠጅ ሳር ከወጥ ቤቱ በር በጥቂት እርምጃ ውስጥ ይሁኑ፤ ራቅ ካሉ ማንም ሄዶ አይቆርጣቸውም። የጤና አዳም ፈሳሽ በፀሐይ ቆዳ ያቃጥላልና ልጆች ከሚጫወቱበት ይራቅ።

ሲገዙ ፕላስቲኩን ከሥር ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው። ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ እንደ ሽቦ ወፍሮ ከተጠቀለለ ችግኙ ከረጢቱ ውስጥ ብዙ ከርሟል፤ ቁመቱ ቢያምርም ተውት። ስትተክሉ ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ የተጠማዘዘው ሥር በስለት ይቆረጥ፣ አንገቱ (ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት) ከረጢቱ ውስጥ ከነበረበት ከፍታ በታች አይቀበር።

ወቅቱ ራሱ ሥራውን ያከፋፍለዋል። ቁፋሮው፣ ገረጋንቲውና ቱቦው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት፤ ጥቁር አፈር ከረጠበ በኋላ መኪናም ባሬላም አይንቀሳቀስበትም። ዛፍ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ፣ ሁለት ወር ዝናብ እንዲያገኝ። በመጀመሪያው ክረምት ውሃ የተኛበትን ቦታ በችካል ምልክት አድርጉና መስከረም ላይ አስተካክሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ሊመታ ስለሚችል ትንሹን አቮካዶ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት አንሱ። በዚያው በጋ ለእያንዳንዱ አዲስ ዛፍ በሳምንት አንድ ጀሪካን በአንድ ጊዜ፣ ቀስ ተደርጎ ይፍሰስ። በየቀኑ አንድ ኩባያ ከተሰጠው ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል።