አጥር፣ ስንዴና እንቅልፍ የለሽ ሌሊቶች፦ በማይንክራፍት ግልገል ማሳደግ

ማይንክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ጥጃ ማስወለድ ቀላል ነው፤ ለሁለት ላሞች አንድ አንድ ስንዴ መስጠት ይበቃል። ከባዱ ጥጃው ላም እስኪሆን ያለው 20 ደቂቃ ነው። ተጫዋቹ ስንዴውን ሰጥቶ ማዕድን ሊቆፍር ይወርዳል። ሲመለስ ወይ በረቱ ባዶ ነው፣ ወይ ጥጃው ምንም ሳያድግ እንደ ጥንቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ የሚረገመው ዞምቢ የተባለው የጨዋታው ጭራቅ ነው። ዞምቢ ግን ጥጃ አይነካም፤ የበግ ግልገልም የአሳማ ግልገልም አይነካም። አብዛኛው ግልገል የሚጠፋው በአጥር ስህተት ነው። የምር ዘብ የሚያስፈልገው የባሕር ኤሊ ነው፤ እሱን ወደ ታች በሰፊው እመጣበታለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ጃቫ የሚባለው የጨዋታው እትም ናቸው።

መጀመሪያ ሳያድግ ስለሚቆየው ጥጃ። ጨዋታው የሚያንቀሳቅሰው በተጫዋቹ ዙሪያ ያለውን አካባቢ ብቻ ነው። የዚህ አካባቢ ስፋት ሲሙሌሽን ርቀት ይባላል፣ የሚለካውም በቸንክ ነው፤ አንድ ቸንክ ጎኑ 16 ብሎክ ነው፣ ብሎክ ደግሞ ዓለሙ የተሠራበት ኩብ ነው። ርቀቱ 10 ቸንክ ከሆነ በየአቅጣጫው 160 ብሎክ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ርቃችሁ ከሄዳችሁ ጥጃው ባለበት ይደርቃል፤ አያረጅም፣ አይሞትም፣ አያድግም። ስለዚህ ግልገል በተወለደበት ሰዓት ሩቅ ጉዞ አይወጣም። እርሻችሁን እረሱ፣ ቤት ሥሩ፣ ከሥር ያለውን ዋሻ ቆፍሩ።

20 ደቂቃው የሚረዝምበት ሰው ግልገሉን ያብላ። ጥጃና የበግ ግልገል ስንዴ፣ የአሳማ ግልገል ካሮት ወይም ድንች ወይም ቀይ ሥር፣ ጫጩት ዘር ይበላሉ። እያንዳንዱ ጉርሻ የሚቀንሰው ከቀረው ጊዜ አንድ አሥረኛውን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንዴ 2 ደቂቃ ያሳጥራል፣ ሁለተኛው 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ፣ ሦስተኛው ከዚያም ያንሳል። ሰባት ስንዴ ሲበላ ከ20 ደቂቃው 9 ደቂቃ ተኩል ያህል ይቀራል። ሃያ ስንዴ ብታጎርሱትም ከ2 ደቂቃ በላይ መጠበቅ አይቀርም። ከሰባተኛው በኋላ ያለው ስንዴ ቢጋገር ይሻላል እላለሁ።

በግ ግን የተለየ ነው። ግልገሏ አንድ ጊዜ ሳር በጋጠች ቁጥር ከጊዜዋ 1 ደቂቃ ይቀነስላታል፤ ይህ ደግሞ እንደ ስንዴው እየሟሸሸ አይሄድም። ግልገል ከትልቅ በግ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ትግጣለች። ስለዚህ የቀራት ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ ሲሆን ስንዴ ይበልጣል፣ ከ10 ደቂቃ በታች ሲሆን ሳሩ ይበልጣል። ጉረኖውን በድንጋይ ወይም በጣውላ አታንጥፉ፤ ሳር ያለበት መሬት ላይ አጥሩት። የተጋጠው ወደ አፈር ይለወጣል፣ ብርሃን ካለና ጎኑ ሳር ካለ ደግሞ ተመልሶ ይለብሳል። ሠላሳ በግ ከታጎረበት ግን ሳሩ ፋታ አያገኝም።

ፈረስ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ወላጆቹ የተገሩ ሆነው የወርቅ ካሮት ወይም የወርቅ ፖም መብላት አለባቸው። ለውርንጭላው ግን ወርቅ ማባከን አያስፈልግም። ስንዴ 20 ሰከንድ፣ ስኳር 30 ሰከንድ፣ ፖም 1 ደቂቃ፣ የድርቆሽ ብሎክ 3 ደቂቃ ይቀንሱለታል። ሰባት ድርቆሽ ማለት 63 ስንዴ ነው፤ አዲስ የተወለደውን ውርንጭላ እዚያው ቆማችሁ ፈረስ ታደርጉታላችሁ። የወርቅ ፖም 4 ደቂቃ ይቀንሳል፤ ስምንት የወርቅ ጥፍጥፍ ለአራት ደቂቃ ማውጣት ግን ሀብታም መሆንን ይጠይቃል።

አሁን አጥሩ። ውስጡ 9 በ9 የሆነ በረት 39 አጥርና አንድ የአጥር በር ይፈልጋል። በእንጨት ሲሰላ 18 ግንድ ይበቃል። አጥር ለተጫዋቹም ለእንስሳውም የአንድ ብሎክ ተኩል ከፍታ ስላለው ላም አትዘለውም። ይህ የሚሠራው ግን አጠገቡ መወጣጫ ከሌለ ነው። ውስጥ በኩል አጥሩን አስጠግታችሁ ድርቆሽ ወይም ሣጥን ካስቀመጣችሁ መሰላል ሠራችሁላቸው ማለት ነው። ውጭ በኩል ያለ ጉብታ ለቀበሮና ለተኩላ ያው ነው። በሩን መክፈት መዝጋት የሰለቸው ሰው አንድ አጥር ላይ ምንጣፍ ያንጥፍ፤ እሱ ይዘላል፣ እንስሳው አይዘልም። ፍየል ግን በዚህ ሁሉ አይታሰርም፤ ዝላዩ ከአጥር በላይ ስለሆነ ከፍ ያለ ግንብ ይፈልጋል።

ሌላው የማይታየው ቀዳዳ የግልገሉ ትንሽነት ነው። ትልቋ ላም ቁመቷ ከአንድ ብሎክ ስለሚበልጥ የአንድ ብሎክ ቀዳዳ አታልፍም፤ ጥጃዋ ግን ግማሿ ስለሆነ ሹልክ ይላል። የውኃ መውረጃ፣ ያልተደፈነ የግንብ ቀዳዳ፣ ለመብራት የተተወ ክፍተት ሁሉ ለጥጃ በር ነው። ሲያድግ ደግሞ በዚያው መመለስ አይችልም።

የበሩ ችግር ከሁሉ የከፋ ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ የያዛችሁት ስንዴ ነው። ስንዴ በእጃችሁ እያለ በአካባቢው ያለ ላምና ጥጃ ሁሉ ይከተላችኋል። በሩን ከፍታችሁ ልትወጡ ስትሉ ጥጃው እግራችሁ ሥር ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ስንዴውን ወደ ቦርሳ መልሱና ሰይፍ ወይም ባዶ እጅ ያዙ። ከዚያም በላይ በሁለት ብሎክ ርቀት ሁለተኛ በር ብታበጁ አንዱ ሲከፈት ሌላው ዝግ ይሆናል። ጥጃ እናቱን ስለሚከተል፣ አንዲት ላም ከወጣች ተከትሎ ይወጣል።

መጨናነቅም ይገድላል። በአንድ ብሎክ ቦታ ላይ ከ24 በላይ እንስሳ ሲገፋፋ ጨዋታው ራሱ ይጎዳቸዋል፣ ግልገሉም ይቆጠራል። በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ላም የሚያረቡ ሰዎች ጥጃ ለምን እንደሚሞትባቸው የማይገባቸው በዚህ ነው። የሞተ ግልገል ደግሞ ሥጋም ቆዳም ነጥብም አይሰጥም።

ጭራቆችን በተመለከተ፣ ከጨዋታው 1.18 ስሪት ወዲህ የሚፈጠሩት የብሎክ ብርሃን (ከችቦና ከመሳሰለው የሚመጣው) 0 በሆነበት ብቻ ስለሆነ ለ9 በ9 በረት መሐሉ ላይ አንድ ችቦ ይበቃል፤ ማዕዘኑ ላይ 6 ብርሃን ይደርሳል። አራት ተጨማሪ ችቦዎች አጥሩ ማዕዘን ላይ ይቀመጡ፣ ለውጪው። ተጠግቶ የሚፈነዳው ጭራቅ፣ ክሪፐር፣ ላሙን ፈልጎ አይመጣም፤ የሚመጣው እናንተን ፈልጎ ነው፣ እናንተ ደግሞ ወደ በረቱ ትሸሻላችሁ። የተገራ ድመት በሩ አጠገብ ብታስቀምጡ ክሪፐር አይጠጋም።

ዶሮ ለብቻዋ ትታይ። በዚህ ዓለም ሸለመጥማጥ የለም፣ ቦታውን ቀበሮ ይዞታል። ቀበሮ ዶሮና ጥንቸል ያድናል፤ አድፍጦ ሲዘል ደግሞ አጥር አያግደውም። ቀበሮ በሚኖርበት በታይጋ፣ ማለትም በቀዝቃዛው የጥድ ጫካ፣ አካባቢ ቆጥ የምትሠሩ ከሆነ ጣሪያ ግድ ነው፣ መስታወትም ቢሆን። በእንቁላል ውርወራ ጫጩት ማግኘት ከስምንት አንድ ዕድል ስላለው፣ አንድ ሌሊት ቀበሮ ያጠፋውን መተካት ብዙ እንቁላል ይበላል።

ወደ ኤሊው እንምጣ። ኤሊዎች ወደ ጨዋታው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከ1.13 ስሪት ጋር ነው የገቡት። ሁለቱን የባሕር ሳር አብሏቸው፤ ሳሩ የሚቆረጠው በመቀስ ብቻ ነው። እርጉዟ ራሷ ወደተፈለፈለችበት ዳርቻ ትመለስና አሸዋው ላይ ከ1 እስከ 4 እንቁላል ትጥላለች። ከዚህ በኋላ ሁሉም ጠላት ነው። ዞምቢ፣ ሰምጦ የሞተውም ዞምቢ፣ ከሩቅ አይቶ መጥቶ እንቁላሉን ይረግጠዋል። እናንተም ጎንበስ ሳትሉ ከተራመዳችሁበት ሊሰበር ይችላል፤ ዘላችሁ ካረፋችሁበት ደግሞ ይብሳል።

እንቁላሉ ሦስት ደረጃ ያልፋል፣ ሁለቴ ይሰነጠቃል፣ ሦስተኛው ላይ ይፈለፈላል። ደረጃ የሚጨምረው በአብዛኛው ንጋት ሲቃረብ ባለች አጭር ጊዜ ነው፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ገደማ፣ በእውነተኛው ጊዜ 42 ሰከንድ ያህል። በሌላው ሰዓት ዕድሉ ከ500 አንድ ነው። ታዲያ አልጋ ላይ ተኝታችሁ ሌሊቱን ከዘለላችሁት ያቺን ሰዓትም ዘለላችኋት። «እንቁላሌ አልፈለፈል አለ» የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ተኝቶ እንደሆነ ነው። ሳትተኙ፣ ሳትርቁ፣ አራት አምስት ሌሊት ቆዩ፤ አንዳንዴ ሰባትም ይደርሳል።

ለዚያ ጊዜ ግንብ ያስፈልጋል፣ አጥር ሳይሆን። ምክንያቱም የኤሊ ግልገል እንደተፈለፈለ ዞምቢው ይከተለዋል፣ አፅም የተባለው ቀስተኛ ጭራቅ በቀስት ይነድፈዋል፣ ያልተገራ ድመት፣ ተኩላ፣ ቀበሮና ኦሴሎት የተባለው የዱር ድመት ያሳድዱታል፤ አፅም ደግሞ በአጥር በላይ አሻግሮ ይወረውራል። ውስጡ 5 በ5 አሸዋ ይሁን፣ ዙሪያውን ሁለት ብሎክ ከፍታ ያለው ድፍን ግንብ፣ ማለትም 48 ብሎክ፣ ከላይ 25 መስታወት፣ ውስጡ ችቦ። በር አያስፈልግም፣ አንድ ብሎክ እየነቀላችሁ ግቡ። ከአሸዋው ሁለት ረድፍ አንድ ብሎክ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉ። ሁሉም አዳኝ የኤሊ ግልገል የሚያየው የብስ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ውኃ ውስጥ ከገባ ይተወዋል።

ኩሬው ሌላም ጥቅም አለው። እያንዳንዱ ግልገል ሲያድግ አንድ የቅርፊት ቁራጭ ባለበት ቦታ ይጥላል። ባሕር ከገባ በኋላ ካደገ ቁራጩ ባሕር ውስጥ ይቀራል። የኤሊ ራስ ቁር ለመሥራት 5 ቁራጭ ስለሚያስፈልግ አንድ ጥል እንቁላል አይበቃም፤ ሁለት ጊዜ ማስወለድን አስቡ። ቁሩ ከውኃ በታች 10 ሰከንድ ተጨማሪ ትንፋሽ ይሰጣል።

ዳርቻው ሩቅ ከሆነ እንቁላሉን ሲልክ ተች (ነገሩን ሳይሰብር እንዳለ የሚያነሳ አስማት) ባለው መሣሪያ አንስቶ ቤታችሁ አጠገብ አሸዋ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እዚያ የተፈለፈለው ኤሊ ያን ቦታ አገሬ ብሎ ይይዘዋል፤ ሲያድግም እንቁላሉን ሊጥል የሚመለሰው እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ግንቡን ማፍረስ የለም፣ ለሚቀጥለው ጥል ይጠብቃል።