ለጋብቻ ሥነ ሥርዓት የሚነበበውን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ስለ መምረጥ

ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ባሕር ዳር የሠርግ ከተማ ትሆናለች። በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ለጋብቻ የሚዘጋጁ ጥንዶችን ከሚረዱት አገልጋዮች አንዷ በመሆኔ፣ በዚህ ወቅት «ምን ቢነበብልን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተክሊል ጊዜ የሚነበበው በሥርዓቱ መጽሐፍ የተወሰነ ስለሆነ ሙሽሮቹ አይመርጡም፤ በእኛ ዘንድ ግን ምርጫው ከመጋቢው ጋር ተመካክረው እንዲወስኑ ብዙውን ጊዜ ለጥንዶቹ ይተዋል። ይህ ቀላል አደራ አይደለም። መዝሙሩንም፣ ልብሱንም፣ አበባውንም የሚመርጡት ደስ እንዲላቸው ነው፤ የሚነበበው ቃል ግን ደስ ከማሰኘቱ በፊት ለእነርሱ የሚናገረው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ብዙዎች ምርጫቸውን የሚጀምሩት ከጥሪ ካርድ ላይ ነው። «እኔና ቤቴ ግን እግዚአብሔርን እናመልካለን» የሚለው ለካርድ የሚያምር ቃል ነው፤ ለጉባኤ ሲነበብ ግን ከኢያሱ 24፥14 ቢጀመር መልካም ነው። ያን ጊዜ ኢያሱ ሕዝቡን «የምታመልኩትን ዛሬ ምረጡ» ብሎ ፊት ለፊት እንዳቆማቸው ይሰማል፤ ቃሉም ከጌጥነት አልፎ ውሳኔ ይሆናል። አንደኛ ቆሮንቶስ 13ም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ «ፍቅር ይታገሣል» ብሎ የጻፈው እርስ በርስ ለሚከራከሩና በጸጋ ስጦታ ለሚፎካከሩ ምእመናን መሆኑን ጥንዶቹ ቢያውቁ፣ ክፍሉ ትዳር ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ቃል መሆኑን ይረዳሉ።

የሩት ታሪክ ሲነሣ «ይህ እኮ ለአማቷ የተነገረ ነው፤ ለሠርግ አይሆንም» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኛ አገር የሚጋቡት ሁለት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በንባቡ ሰዓት የሙሽራው እናት ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሙሽሪትም ነገ «እማዬ» ብላ የምትጠራቸው እርሳቸውን ነው። ከምዕራፍ 1፥8 ጀምሮ የአማቷ የኑኃሚን ምሬት ጭምር ተነቦ «ሕዝብሽ ሕዝቤ፥ አምላክሽም አምላኬ ይሆናል» ሲባል መስማት ለሁለቱም ይገባቸዋል።

አጥብቄ የምከራከርበት ክፍል ግን ኤፌሶን 5 ነው። ብዙውን ጊዜ «ሚስቶች ሆይ» ከሚለው ከቁጥር 22 ተጀምሮ ባሎች ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ከዚያም በግብዣው ላይ ወንዶቹ የሚጠቅሱት ያንኑ ቁራጭ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ እንዲገዛ ከሚያዘው ከቁጥር 21 ተጀምሮ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ይነበብ። ያን ጊዜ ለሚስት የተነገረው ጥቂት ቁጥር፣ ለባል የተነገረው ግን እጅግ የበዛና የከበደ መሆኑን፣ ይኸውም ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳትና ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠላት መውደድ መሆኑን ማንም ይሰማል። ይህን ሙሉውን ለማስነበብ የሚያመነታ ሙሽራ ካለ፣ ከሠርጉ በፊት ከመጋቢው ጋር ቁጭ ብሎ ቢነጋገርበት ይሻለዋል።

ከወንጌል የምመርጠው ዮሐንስ 2፥1-11ን ነው። ከሙሽሮቹ ዘመዶች ብዙዎቹ ኦርቶዶክሳውያን በሚሆኑበት ሠርግ፣ አያቶችና አክስቶች እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት የሚሰሙት ክፍል ይህ ነው፤ ቃና ዘገሊላ በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ ሲያከብሩት የኖሩት በዓል ነውና። ደግሞም ድግስ ደግሳ የማታውቅ እናት የለችም፤ «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» የሚለው ቃል ሲነበብ ጠላው ቢያንስስ፣ ወጡ ቢያልቅስ ብላ ሌሊቱን የተጨነቀች ሁሉ ቀና ብላ ታዳምጣለች። ጉድለት ገና በሠርጉ ድግስ ላይ፣ ያውም ኢየሱስ በተጠራበት ቤት፣ እንደገባ ወንጌሉ አይደብቅም። የድግሱ አሳዳሪ ወይኑ ከወዴት እንደ መጣ ሳያውቅ፣ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ማወቃቸውም ከጓዳ ሆነው ለሚደክሙት ሴቶች ትልቅ ክብር ነው።

ሁለት ንባብ ይበቃል። መዝሙር 128 አጭር በመሆኑ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ውጭ የተሰለፉት መኪኖች ለፎቶ ወደ ጣና ዳር ለመሄድ ስለሚቸኩሉ ሁሉም በጥድፊያ ይነበባል። አንባቢው በዝምድና ብቻ አይመረጥ፤ ድምፁ የሚሰማ፣ ቃሉን አስቀድሞ ደጋግሞ ያነበበ ሰው ይሁን። ክፍሉም በስልክ ሳይሆን በትልልቅ ፊደል በወረቀት ታትሞ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይሰጠው፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው ትርጉም ቢሆን አረጋውያኑ በቃላቸው የሚያውቁት ስለሆነ አብረውት ይከተላሉ። ሙሽሪት ስትገባ የተነሣው እልልታ ሳይበርድ ማንበብ እንዳይጀምርም የመድረኩ አስተባባሪ አስቀድሞ ይንገረው።