ለግቢዬ ተክል መለየትና መምረጥ እንዴት እንደተማርኩ

እንጦጦ ግርጌ ወደሠራነው ቤት በ2010 ዓ.ም. ስንገባ፣ ከቤቱ፣ ከማድ ቤቱና ከመኪና ማቆሚያው የተረፈው መሬት ወደ 160 ካሬ ሜትር ይጠጋ ነበር። ግቢውን ለባለሙያ ሰጥቶ ማስዋብ ከአቅማችን በላይ ስለነበር፣ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ብሆንም ሥራውን ራሴ ልሞክረው ወሰንኩ። ያን ጊዜ ከጽጌረዳና ከባሕር ዛፍ በስተቀር በስም የማውቀው ተክል በጣት የሚቆጠር ነበር።

የመጀመሪያው ግዢዬ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከመንገድ ዳር የገዛኋቸው ሦስት ችግኞች ናቸው። በመጋቢትና በሚያዝያ መንገዱን ሐምራዊ የሚያለብሰውን ጃካራንዳ እፈልግ ስለነበር ሻጩን ጠየቅኩት፤ እሱም ቅጠላቸው እንደ ላባ የተከፋፈለ፣ ቁመታቸው እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ችግኞች አንስቶ ሰጠኝ። ክረምቱን በደህና አለፉ። ኅዳር ገብቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግን ቅጠላቸው ከጫፉ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር፤ በጥር ሦስቱም ጭራሮ ሆነው ቀሩ። ምክንያቱን ለማወቅ አንዱን ነቅዬ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአትክልተኝነት የሠሩ አንድ ጎረቤቴ ዘንድ ወሰድኩት። ጥቂት የተረፉትን ቅጠሎች አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሙቀት የለመደ ዛፍ እዚህ ውርጭ ላይ ምን ይሁን ብለህ ተከልከው?» አሉኝ።

«በምን አወቁት አባቴ?» ስላቸው፣ ከበራቸው ፊት ለፊት ካለው ጃካራንዳ አንድ ቅርንጫፍ ቀጥፈው ከእኔው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት። ከሩቅ ሁለቱም ላባ ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን የጃካራንዳው ቅጠሎች ከግንዱ የሚወጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ሲሆን፣ የድሬዳዋው ደግሞ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየተፈራረቀ ነው። የጃካራንዳው ትንንሽ ቅጠሎች ጫፋቸው ሹል ነው፤ የድሬዳዋው ድቡልቡል ነው። ለስምንት ወር በየቀኑ ውኃ ሳጠጣቸው የከረምኩ ሰው ይህን አንድ ቀንም አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ምንም ላለመግዛት ወሰንኩ፤ ባለቤቴ ባዶውን ግቢ እያየች ብታጉረመርምም ውሳኔዬን አልለወጥኩም። በምትኩ ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው ያለውን አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ትምህርት ቤቴ አደረግኩት። መንገዱ አጭር መሆኑ ጠቅሞኛል፤ ያንኑ ዛፍ ሲያብብ፣ ሲያፈራ፣ ቅጠሉን ሲያራግፍና በበጋ አቧራ ለብሶ ሲጠወልግ ለማየት ቻልኩ። በየሳምንቱ አንድ ተክል ብቻ እመርጥና ከነቅርንጫፉ ቆርጬ በጋዜጣ ገጾች መካከል አስገባዋለሁ፤ ከላዩም የወለል ሴራሚክ ቁርጥራጭ እጭንበታለሁ። ክረምት ላይ የጀመርኳቸው የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በሙሉ ሻገቱብኝ። ጋዜጣው በየቀኑ መለወጥ እንዳለበት የገባኝ ያኔ ነው።

ሽማግሌው ያስተማሩኝ የአመለካከት ቅደም ተከተል ዛሬም አይለወጥብኝም። ከአበባ በፊት ቅጠል ይታያል፣ አበባ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚገኝ እንግዳ ነውና። ቅጠሉ ጥንድ ነው ወይስ ተፈራራቂ፣ አንድ ወጥ ነው ወይስ የተከፋፈለ፣ ጠርዙ ለስላሳ ነው ወይስ መጋዝማ፣ ጀርባውስ ምን ቀለም አለው? ቀጥሎ ቅጠሉ ይቀነጠሳል፤ ወተት ከወጣው ይመዘገባል። መጨረሻ ላይ ታሽቶ ይሸተታል። የጥቁር እንጨት ቅጠል ሲታሽ የኮክ ፍሬ አስኳል የመሰለ መራራ ሽታ ያወጣል፤ አንዴ ያሸተተው ሰው በጨለማም አይስተውም። ወይራንና ክትክታን በችግኝነታቸው የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ ሁለቱም ቀጠን ያለ ረጅም ቅጠል አላቸው። የወይራው ግን ጥንድ ሲሆን ጀርባው ወደ ወርቅማ ቡናማ ያደላል፤ የክትክታው ተፈራራቂ ነው፣ ሲዳሰስም እንደ ሙጫ ያዝ ያደርጋል።

ለረጅም ጊዜ ያስቸገሩኝ ዋንዛና ብሳና ነበሩ። ሁለቱም ልብ የመሰለ ሰፊ ቅጠል አላቸው፣ ሁለቱም ለጥላ ይፈለጋሉ። ዋንዛን በነጭ አበባው ለይቼ ነበር፤ አበባው ሲረግፍ እንደገና ተምታታብኝ። አንድ ቀን ጠዋት ከብሳናው ሥር ቆሜ ቅጠሉና አገዳው የሚገናኙበትን ቦታ ሳይ፣ የስፒል ራስ የሚያህሉ ሁለት ጠብታ መሳይ እጢዎች አገኘሁ። ወደ ዋንዛው ሄጄ ብፈልግ የሉም፤ የዋንዛው ቅጠል ላዩ ሻካራ ነው። በተጨማሪም ብሳና ያረጀ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካናማ ስለሚሆን፣ ከአረንጓዴው መካከል ሁለት ሦስት ብርቱካናማ ቅጠል ያለበት ዛፍ ካየሁ ከመንገዱ ማዶም ሆኜ አውቀዋለሁ።

የስም ጉዳይ ለብቻው ያስቸግራል። «ጥድ ስጠኝ» ላለ ሰው ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የፈረንጅ ጥድ ሲሆን፣ ገዢው ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚያውቀውን የሐበሻ ጥድ እያሰበ ነው። ችግኞቹ በልጅነታቸው ሁለቱም መርፌ መሳይ ቅጠል ስላላቸው ለጀማሪ አስቸጋሪ ናቸው። ካደጉ በኋላ ግን ፍሬያቸው ይለያቸዋል፤ የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠነከረ ክብ ፍሬ ሲኖረው፣ የሐበሻው ከሽምብራ ብዙም የማይበልጥ፣ ሲበስል ሰማያዊ ጥቁር የሚሆን ለስላሳ ፍሬ ያፈራል። እዚህም ላይ ተሳስቻለሁ፤ ፍሬ ያጣሁበትን አንድ ትልቅ የሐበሻ ጥድ «የፈረንጅ» ብዬ መዝግቤው ነበር። የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ እንደሚሆኑ፣ ወንዴውም ፍሬ እንደማያፈራ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። «ግራር» የሚለው ስምም ብዙ ዝርያዎችን በአንድ ላይ የሚጠራ ነው። ስለዚህ በማስታወሻዬ ላይ ከአማርኛው ስም ጎን ሳይንሳዊውን ስም መጻፍ ጀመርኩ፦ የሐበሻው ጁኒፔረስ ፕሮሴራ፣ የፈረንጁ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ። የአገር በቀሉን ተክል በቅርብ ለማየት የጉለሌ እጽዋት ማዕከል ከሁሉም ይልቅ ጠቅሞኛል። አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ የእጽዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ደግሞ፣ እኔ በጋዜጣ የጀመርኩት ሥራ በሥርዓት ሲሠራ ምን እንደሚመስል አሳይቶኛል።

ስለ ወተት ከላይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዳማ የሚኖር ወንድሜ የቅንጭብ አጥሩን እንድከረክምለት ጠይቆኝ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር ገባሁበት፤ በመካከሉ ላቤን በእጄ ጀርባ ስጠርግ ወተቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቃጠሎው በርበሬ ነው ከማለት ሌላ መግለጫ የለኝም። ደጋግሜ በንጹሕ ውኃ አጥቤ ሐኪም ዘንድ ብሄድም፣ ለሁለት ቀን ያህል የማየው ሁሉ ጉም ለብሶ ነበር። ልጆች ባሉበት ግቢ ቅንጭብም ሆነ ሁለመናው መርዛም የሆነውን ኦሊያንደርን አልተክልም፤ አበባው ምንም ያህል ቢያምር።

መለየት ከቻልኩ በኋላ መምረጡ ቀለለኝ፤ ምርጫው ከተክሉ ሳይሆን ከመሬቱ እንደሚጀምር ግን ዘግይቼ ነው ያስተዋልኩት። አዲስ አበባ በአቃቂ በኩል ከ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥታ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትደርስ ከተማ ስለሆነች፣ በአንዱ ሰፈር የተዋበ ተክል በሌላው ሊሞት ይችላል። አፈሩም እንዲሁ ነው። የግቢዬ የታችኛው ጥግ በበጋ የሚሰነጣጠቅ፣ በክረምት ውኃ የሚቋጥር መረሬ ሲሆን፣ እዚያ የተከልኩት የጥብስ ቅጠል በመጀመሪያው ነሐሴ ሥሩ በስብሶ ሞተ። አሁን ማንኛውንም ቦታ ከመትከሌ በፊት 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሬ በውኃ እሞላና በማግስቱ ጠዋት አየዋለሁ፤ ውኃው ካልሰረገ እርጥበት የሚጠላ ተክል ለዚያ ቦታ አላስብም። ሌላ የጥብስ ቅጠል በድንጋይ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተክዬ፣ እነሆ ዛሬ ከወጣችን አይለይም።

ሌላው ስህተቴ ችግኝን ዛሬ ባለው ቁመት መመዘኔ ነው። ከፍሳሽ ቱቦው አንድ ሜትር ርቀት ላይ የተከልኩት ፊከስ በአራተኛው ዓመት ሥሩ በቱቦው መጋጠሚያ ገብቶ ዘጋው፤ ቱቦውን ለማስጠገን ያወጣሁት ገንዘብ የግቢውን ተክል ሁሉ በድጋሚ ይገዛ ነበር። ለቀለሙ ብዬ አጥር ላይ ያስጠጋሁት የወፍ ቆሎም ፍሬውን ወፎች እየበተኑት በጎረቤት ግቢ ሳይቀር ስለበቀለ፣ ይቅርታ ጠይቄ ከሥሩ ነቅዬዋለሁ። ችግኝ ስገዛ ረጅሙን አልመርጥም። ከረጢቱን ገለጥ አድርጌ ሥሩ በዙሪያው እንደ ገመድ ከተጠመጠመ እመልሰዋለሁ፤ እንዲህ ያለው ሥር መሬት ከገባም በኋላ መጠምጠሙን ይቀጥላል። ሻጮች ይህን ሳደርግ ሲያዩኝ ይቆጣሉ፣ አንዳንዱም ዋጋ ይጨምርብኛል።

ዛሬ በግቢው ከላይኛው ግንብ አጠገብ ወይራ፣ በበሩ ዙሪያ ቀጋ አለ፤ በመስከረም የሚያብበው አደይ ደግሞ የአንድ ዓመት ተክል ስለሆነ ዘሩን ሲደርቅ ለቅሜ በክረምት መግቢያ እበትነዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. የተከልኳቸው ሁለት የሐበሻ ጥዶች ከእኔ ቁመት አልፈዋል። መርፌ የነበረው ቅጠላቸው ወደ ቅርፊት መሳይነት እየተለወጠ ነው፤ ፍሬ ግን እስካሁን አላሳዩም። ባለቤቴ አንደኛው ሴቴ መሆን አለበት ትላለች፤ እኔ ክረምቱ ባለፈ ቁጥር በማጉያ መነጽር ጫፎቻቸውን እየተመለከትኩ እጠብቃለሁ።