40ውን 10 ብዬ

ጅማ፣ ሰኔ 30፣ ማታ

ዛሬ ቆጠራ ነበር። የበጀት ዓመቱ ስለሚዘጋ ከጠዋት ጀምሮ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዱ የሚጠራውን ቁጥር ሌላው አይሰማም። «ስንት አልክ?» «ኧረ ሦስቴ ነገርኩህ!» የጅማ ክረምት ለቆጠራ አይመችም። ቡና ሁለቴ ጠጥተን ቀጠልን።

ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባለው መርፌ ጋ ስንደርስ ዝም አልኩ። ዘጠኝ ፓኮ፣ በእያንዳንዱ አሥር አምፑል። ሁሉም በዚህ ወር ኤክስፓየር ያደርጋል። ከቆጠራ ኮሚቴው አንዷ ገቢና ወጪው የሚጻፍበትን ቢን ካርድ አየች፣ ፓኮዎቹን ቆጠረች። «ይገጥማል» አለችና ወደሚቀጥለው አለፈች።

አዎ ይገጥማል። አንድም አምፑል አልጎደለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

የመጋዘን ሰው ሥነ ምግባር ሲባል ሁሉም የሚያስበው ሌብነትን ነው። በዚያ በኩል ማንም አይከሰኝም። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ በርበሬ ልትቀነጥስበት ሁለት ጥንድ ጓንት ለመነችኝ። እምቢ አልኳት፤ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈች ነው። እኔም ባሰብኩት ቁጥር ደረቴን እነፋ ነበር።

ጥፋቴ የተፈጸመው የካቲት መጨረሻ ላይ፣ በእስክሪብቶ ነው።

በየሁለት ወሩ መድኃኒት ለሚልክልን መሥሪያ ቤት ሪፖርትና መጠየቂያ እንሞላለን፤ አርአርኤፍ የምንለውን። ሒሳቡ ቀላል ነው። በመነሻው የነበረህን በመሀል ከገባልህ ጋር ትደምራለህ፣ የቀረውን ትቀንሳለህ፤ ያ የሁለት ወር ፍጆታህ ነው። መጋዘንህ ቢበዛ የአራት ወር ስለሚይዝ ፍጆታውን በሁለት አባዝተህ በእጅህ ያለውን ትቀንሳለህ። የሚቀረውን ትጠይቃለህ።

ያኔ የነበረውና የገባው ተደምሮ 100 አምፑል ነው። የቀረው 40። ስለዚህ ፍጆታዬ 60፣ የምጠይቀው 80 መሆን ነበረበት። እኔ 40ውን 10 ብዬ ጻፍኩት። ፍጆታው 90 ሆነ፣ ጥያቄው 170። የ30 አምፑል ውሸት 90 ትርፍ ወለደች። እንደዚህ የሚያዋልድ አራጣ አበዳሪ አላየሁም።

ለምን ጻፍኩት? አዲስ ሆኜ ስገባ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው «80 ከፈለግህ 80 ብለህ አትጻፍ፤ ይቆረጥብሃል» ብሎ ስላስተማረኝ ነው። እውነት ለመናገር ይቆረጥብን ነበር። ላኪዎቹ የሚቆርጡት አጋነው ይጠይቃሉ ብለው፣ እኛ የምናጋንነው ይቆርጣሉ ብለን። ገበያ ላይ በሸማ ዋጋ እንደሚከራከሩ ሰዎች ሆነናል። የዚያን ጊዜ ግን ምንም አልተቆረጠም። 170ው በሙሉ መጣ። የዕቃ ገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል 19ን፣ ስቆርጥ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ። ፓኮው ላይ ያለውን ቀንም አይቻለሁ። እስከ ሰኔ ያልቃል ብዬ ራሴን ሸወድኩ። በወር የምናወጣው 30 እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል?

የመድኃኒት ክምችት የምንመዘግብበት ሶፍትዌር ስሙ ዳጉ ነው። ስሙ ከአፋሮች የመጣ ነው። መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ግጦሽ አለ፣ የት ሰላም ጠፋ። እዚያ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ከብቱን የሚነዳው የተነገረውን አምኖ ነዋ! የእኔ ወረቀት ግን ሳር የሞላበትን መስክ «ደርቋል» ብሎ ነገረ።

ሚያዝያ ላይ ከአንድ ጤና ጣቢያ የፋርማሲ ባለሙያ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ በሞተር ሳይክል መጥቶ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። «ጋሼ፣ ማግኒዚየም አልቆብናል። ሃያ እንኳ ቢያበድሩን» አለኝ። ደብዳቤም ይዟል። የዕቃ ወጪ ደረሰኙን፣ ሞዴል 22ን፣ ቆርጬ መስጠት እችል ነበር። ግን ትርፍ አለኝ ካልኩ፣ ትርፉ ከየት መጣ ይባላል። «ለእኛም አልበቃን» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ማመስገኑ ዛሬ ድረስ ይቆጠቁጠኛል።

ቀድሞ የሚያልፍበት ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ደንብ በቃሌ አውቀዋለሁ። መደርደሪያዬም በዚያው ነው የተደረደረው። የሚወስደውን ሰው ከበር ከመለስከው ግን መደርደሪያ ማሳመር ምን ይረባል?

ማግኒዚየም ሰልፌት በእርግዝና ወይም በወሊድ ጊዜ ደም ግፊቷ አሻቅቦ ለሚያንቀጠቅጣት እናት የሚሰጥ ነው። መነሻው 14 ግራም ነው፤ 4 በደም ሥር፣ 10 በጡንቻ። የእኛ አምፑል 5 ግራም ይይዛል። ለአንዲት እናት መነሻ ሦስት አምፑል ማለት ነው። ዘጠና ሲካፈል ለሦስት ስንት እንደሚመጣ ኮሚቴው ፊት አላሰላሁትም። ቤት ገብቼ ነው ያሰላሁት።

ፓኮዎቹን ለይቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ በቀይ ማርከር ጻፍኩባቸው። አሁን የሰኔ ሪፖርት ፊቴ ነው። የብክነት ረድፍ ላይ 90 ብዬ ሞልቻለሁ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ከሚያስፈልገው በላይ ስለተጠየቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሰርዤ «ስለጠየቅሁ» አልኩት።

ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ለዚያ ልጅ ደወልኩ። የምለውን ሳልጀምር ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ማግኒዚየም አለቀባችሁ እንዴ? እኛ አሁን ገብቶልናል። ስንት ልያዝልዎት?»