ጥለቱ ወደ ላይ ነው

ዛሬ የተቀመጥኩት ስለ ሌላ ነገር ልጽፍ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል፤ ጽፌ ልገላገለው ብዬ ነበር። መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስኩ፤ ከተለኮሰ አይቀር ደግሞ ደብተሮቹን ልረም አልኩ። 58 ደብተር። የ7ኛ ክፍል ልጆቼ «ቤታችን» በሚል ርዕስ አንድ አንቀጽ ጽፈዋል። ትእዛዙ የእኔ ነው፦ ቢያንስ ሦስት ዘይቤ ተጠቀሙ።

ተጠቅመዋል፣ ምን አጠፉ። ቤታችን እንደ ቤተ መንግሥት ታምራለች። እናቴ እንደ ጨረቃ ታበራለች። ዝናቡ እንደ እንባ ይወርዳል። አንዱማ ጣሪያቸው ላይ ርግብ አሳርፎ «ይህች የሰላም ተምሳሌት ናት» ሲል ራሱ ፈትቶልኛል፤ እንዳልሳሳት ሰግቶ ይሆናል። ሰፈራቸውን አውቀዋለሁ፤ ከቁራ በቀር ያየሁበት ወፍ የለም። ግን ጥፋቱ የማን ነው? ርግብ ሰላም፣ አደይ አበባ ተስፋ፣ ጨለማ ድንቁርና እያልኩ ሰሌዳ ላይ የደረደርኩት እኔ ነኝ። ፈተና ላይ «አዛምዱ» ተብሎ ይመጣላ። እነሱም እንደ ማባዣ ሸመደዱት።

ከዚያ የዚያች ዝምተኛ ልጅ ደብተር መጣ። ከኋላ የምትቀመጠዋ።

«በጓዳው በር ጀርባ ሚስማር አለ። ሚስማሩ ላይ የአያቴ ነጠላ ተሰቅሏል። ጥለቱ ወደ ላይ ነው። እናቴ ስታልፍ ትነካዋለች። ከዚያ ሽንኩርት ትከትፋለች።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ቀን ደብተር ስሰበስብ ዐይኔ አርፎበት «ነጠላው የምን ተምሳሌት ነው?» ብያት ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «የአያቴ ነው» አለችኝ፤ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ በቀይ እስክርቢቶ «ዘይቤው የት አለ?» ብዬ ከ10 5 ሰጠኋት። ሦስተኛዋን ዐረፍተ ነገር ደግሞ አስምሬባት «አላስፈላጊ ዝርዝር» ብያለሁ።

ቀጣዩን ደብተር ገለጥኩ፤ ማንበብ ግን አልቻልኩም።

ሰምና ወርቅ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጀምረው ከአንጥረኛው ነው። አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ጭቃው እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በለቀቀው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ልጆቹ ይህን ይወዱታል፤ እሳት ያለበትን ነገር ሁሉ ይወዳሉ። ከዚያ በኋላ ነው የምናበላሸው። ሰሙ የሚጣል፣ ወርቁ የሚፈለግ አድርገን እንነግራቸዋለን። ልጁም ነጠላ ሲያይ ነጠላውን ጥሎ ወርቅ ፍለጋ ይወጣል። ወርቁ ያንን ቅርጽ ያገኘው ግን ከሰሙ አይደለም እንዴ? ጌጡ ላይ የምናያት አበባ መጀመሪያ የተቀረጸችው ሰሙ ላይ ነው።

ባለፈው ደግሞ ለመግቢያ ብዬ እንቆቅልሽ ጠየቅኳቸው። «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።» ጤዛ የሚለኝ ጠፋ። አንዱ እጁን አውጥቶ «ታክሲ!» አለ። ተሳስተሃል፣ አገር ስጠኝ አልኩት። አሁን ሳስበው ምን ተሳሳተ? እኛ ጤዛን ያወቅናት ጠዋት ሣር ላይ እግራችን ስለራሰ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ጠዋት አግኝቶ ማታ የሚያጣው ታክሲ ነው። አገሩን መመለስ አለብኝ።

ነጠላ ማንበብን ማን አስተማረኝ? ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴን ከሩቅ አየኋት፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቁልቁል ትመጣለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ጥለቱ ግን ከታች ሳይሆን አንገቷ ላይ ነበር። ዘቅዝቃ ለብሳለች። ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። ሰው እንደሞተብን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ፤ ማን እንደሆነ ብቻ ነበር የቀረኝ። «ጥለት አንገት ላይ፦ ሐዘን» ብሎ ሰሌዳ ላይ የጻፈልኝ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስደርስ ነው ቀይ መስመሬ ትዝ ያለኝ። ጥለቱ ወደ ላይ ነው።

ተነሥቼ በስልኬ መብራት የራሴን ነጠላ በሩ ጀርባ ሰቀልኩት። ከመሃሉ ሲሰቀል ሁለቱም ጥለት ወደ መሬት ወረደ። አውርጄ አዙሬ ሰቀልኩት፤ ያው ነው። ጥለቱ ወደ ላይ የሚሆነው ራሱ ጫፉ ሚስማሩ ላይ ሲንጠለጠል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በዚያ በኩል ይዞ ሰቅሎታል። አያቷ ከለቅሶ ተመልሰው፣ ደክሟቸው፣ በአንገታቸው በኩል እንደያዙት ሰቅለውት ይሆናል። ወይም እናትየዋ ናት የሰቀለችው፤ በአያትየው ሐዘን። ወይም ልጅቷ ያየችውን ጻፈች እንጂ ምንም አላሰበችም፤ እኔ ነኝ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነጠላ እያገላበጥኩ ሚስማር የምሰልል። አያቷ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንኳን አላውቅም። ከመስከረም ጀምሮ አስተምሬያታለሁ፤ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

ነገስ እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃት? «አያትሽ ደህና ናቸው?» ልበል? ወይስ ዝም ብዬ 5ቷን 9 ላድርጋት? ቀይ ቀለም ደግሞ አይለቅም።

(ሆድ የባሰኝን ነገር ረስቼዋለሁ። ነገ ራሱ ያስታውሰኛል።)

ወደ ጠረጴዛው ስመለስ ሻማው ተንጋዶ ደብተሯ ላይ ሰም አንጠባጥቧል። በቢላ ፋቅሁት፤ ወዙ ግን ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቀረ፣ ጽሑፉም በጀርባ በኩል ይታያል። ነገ የምን ተምሳሌት ነው ብላ ብትጠይቀኝ መብራት ጠፍቶ ነበር ከማለት በቀር መልስ የለኝም።